ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ

በካንኮዮ ሰፈር፣ ከማቅለጫው በታች፣
ጣሪያ እንደ ብስኩት ነው፤ ይፈረፈራል፤
ቲማቲም ብትተክል በሳምንት ያርራል።
ማንጎ ብቻ ቆሟል፣ እሱም ለይስሙላ፣
ግማሹ ቅጠሉ በድኝ የተበላ።
ጭሱን «ሴንታ» እንላለን፣ ጎረቤት ይመስል፤
መጣ ሲሉ ሰምተን መስኮት እንዘጋለን፣
እርጥብ ጨርቅ ይዘን አፍ እንሸፍናለን።

አባቴ ቺሌሼ፣ ከምድጃው አፍ ቆሞ፣
ሃያ ሁለት ዓመት መዳብ አፈሰሰ፤
ለእኔ ደብተር ገዛ፣ እሱ ሳል ወረሰ።
ሲያስለው በመዳፉ አፉን ይከድናል፤
«ይህ ጭስ የቆመ 'ለት ድስታችን ይቆማል።»

ኪትዌ ዩኒቨርሲቲ፣ አንደኛ ዓመት ላይ፣
መምህር ካፓምብዌ ጠመኔውን ሰብሮ
ሦስት ቃል ጻፈልን፣ በጣቶቹ ቆጥሮ፦
ገባ። ወጣ። ቀረ።
«ኬሚካል ምህንድስና ከዚህ ተጀመረ።
ወደ ጋን የገባ፣ ከጋኑ ካልወጣ፣
ውስጡ ነው፤ ፈልጉት።»
ክፍሉ ጻፈ። ቀላል ነገር ነበር።
የእኔ እስክሪብቶ ግን ቆመ፤
ጋኑ አባቴ ነበር።
የገባውን አውቃለሁ። የወጣውን፣
ደመወዝ፣ ደብተር፣ የሴት ልጅ ጫማ፣ ቆጠርኩት።
የቀረውን
በየሌሊቱ ከግድግዳው ወዲያ ስሰማው ኖሬያለሁ ለካ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ እሱ ራሱ ቀረ።

ቴርሞዳይናሚክስን ወድቄ ደገምኩ፤
የቤተ ሙከራ ካፖርቴን እጅጌ አቃጠልኩ፤
ተመረቅኩ። የቀጠረኝ ያው ማቅለጫ ነው።
«ባልሽን የበላ፣ ልጅሽን ልታጎርሺው?»
አሏት ባና ካሱባን፣ የካሱባን እናት።
መልስ አልሰጠችም። ዩኒፎርሜን አጠበች።

ሥራዬ ይህ ነው፦ ሰማይ ሊሄድ የተነሣን ጭስ
አንገቱን ይዞ መመለስ፤
ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣
በቫናዲየም አልጋ ላይ አራት ጊዜ ማሳለፍ፣
አሲድ ሆኖ ጋን ውስጥ ሲወርድ
በጨረቃም በዝናብም መቁጠር።
ከመቶው ዘጠና ስድስቱን ያዝን።
ጋዜጣ ጻፈ፤ ሪባን ተቆረጠ።
አራቱን ማነው
በማን ደረት ውስጥ ያስቀመጠ?

ባለፈው ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ትልቁ ማራገቢያ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ።
ያኔ ጭስ ሁለት ዕድል ነው ያለው፦
ወይ ምድጃው ይጠፋል፣ መዳቡም ውስጡ ይረጋል፣
ወይ አሮጌው በር ተከፍቶ ሰፈር ላይ ይለቀቃል።
ማለፊያ ይሉታል ያን በር፤
ስሙን ማን እንዳወጣለት!
ነፋሱን አየሁ። ወደ ካንኮዮ ነበር።
አለቃዬ ሲሙቺምባ በስልክ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፦
«ሃያ ደቂቃ ስጪኝ። ምድጃ ሲቀዘቅዝ
ስንት እንደሚያስከፍል ታውቂያለሽ።»
አውቃለሁ።
በሩ ተከፈተ። በእኔ ጣት።
አንድ ደቂቃ። ሁለት።
በሦስተኛው እጄን አፌ ላይ አገኘሁት፤
ማን እንዳስቀመጠው እንጃ፣
የአባቴን መዳፍ ይመስላል።
በአራተኛው ምድጃውን አጠፋሁ።

መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦
«ማለፊያ በር፣ አራት ደቂቃ። ያዘዘ፦ ሃያ ያለው ሲሙቺምባ።»
ሰረዝኩት።
«የከፈተች፦ ካሱባ ቺሌሼ። የዘጋች፦ ካሱባ ቺሌሼ።»

ጠዋት፣ እናቴ ደጃፍ ላይ
የካሳቫ ቅጠል ትቀነጥሳለች።
ቀና ሳትል፣ «የዛሬው አጭር ነበር» አለች፤
«አራት ደቂቃ ይሆናል።»
በሳሏ ቆጥራ ነው።
እኔ ከባሕር ማዶ በመጣ መለኪያ፣ እሷ በሳንባዋ፣
አንድ ቁጥር ላይ ደረስን።
ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤
ከቅጠሉ ወሰድኩ።
«ገባሽ?» አለችኝ።
የቱን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።